«ጨዋታ አለው» ሲባል፦ የሳይክል አስተካካዮች ቋንቋ

ድሬዳዋ ሜዳ ስለሆነች ለሳይክል ትመቻለች፤ አሸዋዋ ግን ኩሽኔታ (ብረቱ በትንንሽ ኳሶች ላይ የሚዞርበትን ክፍል) ይጨርሳል። ስለዚህ ጥገና ቤት ከሚሰሙት ቃላት ሁሉ አስቀድመው «ጨዋታ»ን ይወቁ። ጨዋታ ማለት ገጥመው መቀመጥ ባለባቸው ክፍሎች መካከል የተፈጠረ ክፍተት ነው።

የት እንዳለ ለማወቅ የፊት ፍሬኑን ጨብጠው ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ይግፉ። መሪው ሥር ቋ ቋ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። ፍሬኑን ለቀው ጎማውን ወደ ጎን ሲነቀንቁት የሚንቋቋ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የጎማው መሃል ነው። ጎማውን አውጥተው የውጩን ዳዶ ያላሉ፤ ኩሽኔታውን የሚይዘውን የውስጡን ዳዶ ጨዋታው ሊጠፋ ጥቂት እስኪቀረው ብቻ ያጥብቁ። የውጩን ሲቆልፉት የውስጡንም ይገፋዋል፣ ያቺ የተረፈችው ክፍተት ለዚህ ነው። «ፀጉር ታህል አላላው» ከተባሉ ከ1/8 ዙር አይለፉ። በመጨረሻ መሃሉን ብረት በጣት ያሽከርክሩት፦ ከከበደ ጠብቋል፤ ከፈጨ አሸዋ ገብቶበታል። የሚፈጨውን ማጥበቅ ትልቅ ስህተት ነው፣ ኳሶቹ መሄጃቸውን ይበሉታል። ፈትቶ ማጠብና አዲስ ግራሶ መቀባት እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም። ከተማዋን ከሚከፍለው ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ገፍተው ያሻገሩት ሳይክል እንዲህ መፈተሽ አለበት።

«ላሽቋል» የሚባለው ጥርሱ የተበላ ብሎን ወይም ዳዶ ነው። ይዞራል እንጂ አይጠብቅም፤ ጉልበት አይመልሰውም። ብዙ ጊዜ የሚላሽቀው የግራ ፔዳል ነው፣ ምክንያቱም ጥርሱ ግልብጥ ነው፤ የሚጠብቀው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ያስገቡት፤ በእጅ ካልገባ ጠሞ ነው የያዘው።

ቸርኬው «ተወላግዷል» ከተባለ ወደ ቀኝ ያዘነበለበት ቦታ ላይ የግራውን ሽቦ ሩብ ዙር ያጥብቁ፣ የቀኙን ሩብ ዙር ያላሉ፣ አሽከርክረው ይዩ። ግማሽ ዙር በአንዴ ከሄዱ ሌላ ቦታ ያጣምሙታል።

ካቴናው «ተወጥሯል» ወይም «ረግቧል» መሆኑ የሚታወቀው፣ ማርሽ በሌለው ሳይክል፣ መሃሉን በጣት ወደላይና ወደታች ሲገፉት ነው፤ 1 ሴንቲሜትር ያህል መንቀሳቀስ አለበት። ፔዳሉን እያዞሩ ሦስት አራት ቦታ ላይ ይለኩ፣ ካቴናው የሚዞርበት ባለጥርስ ብረት ፍጹም ክብ ስለማይሆን አንዱ ጋ የረገበው ሌላው ጋ ሊወጠር ይችላል።