ግራፊክስ ካርድ ከመቀየራችሁ በፊት ኬብሉን እዩ

እዚህ ጎንደር በዴስክቶፕ ቪዲዮ የምታቀናብሩ፣ ጌም የምትጫወቱ፣ ይቺን ያዙልኝ። ስክሪኑ ድንገት ጠቁሮ ከተመለሰ ወይም ማሽኑ በራሱ ከጠፋ፣ ቶሎ ብላችሁ «ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው ክፍል) ተቃጥሏል» አትበሉ። አዲስ ካርድ ውድ ነው።

መጀመሪያ ኃይሉን እዩ። ካርዱ ከማዘርቦርዱ (ሁሉም ከሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ማስገቢያ የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ቀሪውን ከፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኃይል ከሚያከፋፍለው ሳጥን) በሚመጣው ኬብል ይወስዳል፤ ባለ 8 ፒኑ እስከ 150 ዋት ይሰጣል። ካርዱ ሁለት መሰኪያ ካለው፣ አንድ ኬብል ለሁለት ከምትከፍሉ ለየብቻ ስጡት። ሥራ ሲበዛበት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ እኔ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ፓወር ሰፕላዩን ነው። መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ደግሞ ስታቢላይዘር ይኑራችሁ፣ እባካችሁ።

ቀጥሎ አቧራ። የበጋው አቧራ ማራኪም ሆነ አዘዞ አይምርም። ማሽኑን አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉ፣ የካርዱን ፋን በጣት ያዝ አድርጋችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። ካርዱንም አውጥታችሁ እንደገና በደንብ ሰኩት።

ዊንዶውስ፣ ካርዱ ለ2 ሰከንድ ያህል መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ 4101 የሚል ቁጥር ካያችሁ የሆነው ይሄ ነው። ድራይቨሩን ጠርጋችሁ አውጡና ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። ችግሩ ከአፕዴት በኋላ ከጀመረ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። ኦቨርክሎክ (ካርዱን ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ ማስሮጥ) ካለም አጥፉት።

ይሄ ሁሉ ካልሠራ ካርዱን ጓደኛችሁ ማሽን ላይ ሞክሩት። እዚያም ከጠፋ፣ ያኔ ጥገና ቤት ውሰዱት።