«ዛሬስ በጊዜ ልተኛ» እና ሌሎች የእንቅልፍ ስህተቶች

እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞር ያላቸው ሰዎች ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ ይጀምሩኛል፦ «ዶክተር፣ ትናንት እኮ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው አልጋ ውስጥ የገባሁት። እስከ 8 ሰዓት ስገላበጥ!» እኔ ደግሞ በሆዴ «ለዚሁ ነዋ!» እላለሁ።

ያጡትን እንቅልፍ ለማካካስ ብለው በጊዜ አልጋ ላይ ይወጣሉ፣ ጠዋት ያረፍዳሉ፣ ቀን ላይም ለጥ ይላሉ። ከስህተቶች ሁሉ የሚያበግነኝ ይሄ ነው። እንቅልፍ ተጠራቅሞ ነው የሚመጣው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎላችን ውስጥ እየበዛ ይሄዳል፤ ዓይናችንን ከሚያከብዱት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ቀን ረጅም ሰዓት ከተኙ የተጠራቀመው ይቀልና ማታ ትግሉ ይጀመራል፦ ትራስ ማገላበጥ፣ የነገን ሥራ ማውጣት ማውረድ። ይህ ለወራት ሲደጋገም አንጎል አልጋን የጭንቀት ቦታ አድርጎ ይለምደዋል። ሶፋ ላይ ሲያንጎላጁ ቆይተው አልጋዎ ላይ ጋደም ሲሉ እንቅልፉ ብን የሚል ከሆነ እዚያ ደርሰዋል።

20 ደቂቃ ያህል ጠብቀው ካልመጣ ይነሱ። ደብዘዝ ባለ መብራት አሰልቺ ነገር ያንብቡ ወይም ልብስ ይጠፉ፤ የሚመለሱት ዓይንዎ ሲከብድ ብቻ ነው። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ ጠዋት የሚነሱበት ሰዓት አይቀየር፤ የእረፍት ቀንም ቢሆን። «ከተነሳሁማ ጭራሽ እነቃለሁ» የሚሉኝ አሉ። አሁንስ ነቅተው አይደል እንዴ?

አንድ ታካሚዬ 9 ሰዓት አልጋ ላይ እየቆዩ የሚተኙት 5 ሰዓት ብቻ ነበር። የአልጋ ጊዜያቸውን ወደ 6 ሰዓት ስናወርደው የመጀመሪያውን ሳምንት አኮረፉኝ። በአራተኛው ሳምንት ቅሬታቸው ሌላ ሆነ፤ ማታ የሚያነቡት መጽሐፍ አልገፋ አላቸው፣ አንድ ገጽ ሳይጨርሱ እንቅልፍ እየጣላቸው። (ሹፌር ከሆኑ ወይም የሚጥል በሽታ ካለብዎ ይህን ያለ ሐኪም አይሞክሩት።)

ሌሊት ሰዓት እያዩ «አሁን ብተኛ 4 ሰዓት አገኛለሁ» ብሎ ማስላትም ሌላው ስህተት ነው፤ ሰዓቱን ወደ ግድግዳ ያዙሩት፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ይተዉት።

«ቡና እኔን አይነካኝም» የሚሉትን አልቆጣም፤ እኔም ብዬዋለሁ። የሌሊት ተረኛ ሳለሁ ሊነጋ ሲል ሁለት ስኒ እጠጣና ቤቴ ገብቼ ጣሪያ አያለሁ። ከጠጡት ካፌይን ግማሹ 5 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላም ሰውነት ውስጥ ነው። እንቅልፍ ቢወስድዎ እንኳን ይሳሳል።

መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊት ላይ ደግሞ ይቀሰቅሳል።

ማንኮራፋትን የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ማድረግ ግን አደገኛ ነው። አንዲት ሴት የባሏን እንቅልፍ በስልክ ቀድታ አሰማችኝ፦ ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ጸጥ። ቆጠርኩ፤ 20 ሰከንድ አለፈ፤ ከዚያ እንደታነቀ ሰው አየሩን ሳበ። እሱ «ድብን ብዬ ነው የማድረው፣ ድካሙ ነው ያልገባኝ» ይላል። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው የሚያድረው። ጠዋት ራስ ምታትና የአፍ መድረቅ፣ ቀን መሪ ይዞ ማንቀላፋት፣ በመድኃኒት አልወርድ ያለ የደም ግፊት ካሉ ይመርመሩ። ቀጭን ነኝ ብለው አይዘናጉ። በራስዎ የእንቅልፍ ክኒን ገዝተው አይዋጡ፤ አንዳንዱ የትንፋሹን መቆራረጥ ያባብሰዋል። ለወራት ሲወስዱት የቆዩትን ክኒን ደግሞ በአንድ ቀን አያቁሙ።

ማታ ማታ እግርዎን አንቀሳቅሰው አንቀሳቅሰው ካለዎት የደም ምርመራ ይጠይቁ፤ የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል።

በሳምንት 3 ሌሊት፣ ለ3 ወር ከቀጠለ እንቅልፍ ማጣቱ ሕክምና ይፈልጋል። ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሰው ግን ይህን ያህል አይጠብቅ። ሲመጡ የ2 ሳምንት የእንቅልፍ ማስታወሻ ይያዙ፣ ጠዋት ጠዋት በግምት የተሞላ። አብሮዎ የሚያድር ሰው ካለም ይዘውት ይምጡ፤ ብዙ ጊዜ ካርዱ ላይ የምጽፈው እሱ ያየውን ነው።