በ13 ነጥቦች ብቻ የሚራመድ ሰው እንዴት እንደሚቀረጽ

የምናውቀውን ሰው ፊቱ ሳይታየን ከሩቅ በአካሄዱ እንለየዋለን። ሰውን ከእንቅስቃሴው ብቻ የማየትን የአንጎል ችሎታ ለብቻው ነጥሎ ያሳየው ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ዮሃንሰን ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ መገጣጠሚያዎች ላይ ከተቀመጡ ጥቂት ብርሃናማ ነጥቦች በቀር ምንም የማይታይበትን ፊልም ያዩ ሰዎች የሚያዩት የሚራመድ ሰው መሆኑን ወዲያው እንደሚለዩ አረጋገጠ። ይህንኑ በቤትዎ በስልክ ካሜራ መሥራት ይችላሉ። እኔ ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል፤ እርስዎ በአንድ ምሽት እንዲጨርሱ የተሳሳትኩበትን ሁሉ እነግርዎታለሁ።

የሚያስፈልገው ከሰውነት ጋር የሚጣበቅ ጥቁር ልብስ፣ አንጸባራቂ ቴፕ፣ የእጅ ባትሪ እና ስልክ ነው። በአንጸባራቂው ፈንታ ተራ ነጭ ፕላስተር አልመክርም። ነጩን ለማሳየት የሚበቃ ብርሃን ልብሱንም ያሳያል።

አንድ ቁራጭ ቴፕ ግንባር ላይ ይለጥፉ። የቀሩትን 12 በግራና በቀኝ ትከሻ፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ ዳሌ፣ ጉልበት እና ቁርጭምጭሚት ላይ ያድርጉ። ክርን፣ አንጓ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ እንደ ቀለበት ቢጠመጠም ከየትኛውም አቅጣጫ ይታያል። ልብሱ ሰፊ ከሆነ ግን ድካምዎ ከንቱ ነው። የመጀመሪያውን ፊልሜን ያሳየኋቸው ሁሉ «እግሩን ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የተራመደልኝ ጓደኛዬ ፍጹም ጤነኛ ነበር። ሱሪው ሰፊ ስለነበር የአንድ ጉልበቱ ቴፕ አራት ጣት ያህል ወደ ታች ተንሸራቶ ነበር። ተመልካቾቹ ቴፕ መኖሩን እንኳ አያውቁም፤ ያዩት የሚያነክስ ሰው ነው።

ሁለት ምሽት ያባከነብኝ ብርሃኑ ነው። ክፍሉን ካጨለምኩ በኋላ ባትሪውን ከጎን በኩል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ ነጥቦቹ ግን ደብዝዘው ጠፉ። አንጸባራቂ ቴፕ ብርሃንን የሚመልሰው ወደ መጣበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ወደ ባትሪው ይመለስ ነበር እንጂ ወደ ካሜራው አልነበረም። ስለዚህ ባትሪውን ከካሜራው ዓይን አጠገብ፣ ቢቻል አስነክተው ያያይዙት።

ሁለተኛው እንቅፋት ስልኩ ራሱ ነው። ጨለማ ሲያይ ምስሉን በራሱ ያደምቃል፤ ግድግዳው፣ ልብሱ፣ ፊቱ ሁሉ ብቅ ይላል። አንዱን ነጥብ በማያ ገጹ ላይ ተጭነው ይቆዩ፤ በብዙ ስልኮች የመቆለፊያ ምልክት ይታያል። ከዚያ ጣትዎን ወደ ታች እየጎተቱ ከነጥቦቹ በቀር ሁሉም እስኪጠቁር ድረስ ብርሃኑን ይቀንሱ። ቀርጸው ከጨረሱ በኋላ በማስተካከያ ፕሮግራም ማጨለምም ይቻላል፤ ነገር ግን ነጥቦቹ አብረው ይሞታሉ።

አሁን ይቅረጹ። መራመዱ በቂ ነው፤ እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ሚዛን ነው። ሰውየው አንድ ጊዜ ባዶ፣ ሌላ ጊዜ መጻሕፍት የተሞላ ካርቶን ያንሳ። ካርቶኑ በፊልሙ ባይታይም የትኛው እንደከበደ ተመልካቹ ይናገራል። ሸክም ከፊት ሲጨመር ሰውነት ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ የትከሻና የዳሌ ነጥቦች የሚናገሩት ይህንኑ ነው። በአንድ እግር ሲቆምም ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለችው ነጥብ ያለማቋረጥ ትንቀጠቀጣለች፤ እርሷን ሲያዩ የእርስዎም ሰውነት ይወጠራል።

ለተመልካች ሲያሳዩ ምን እንደሆነ አስቀድመው አይንገሩ። መጀመሪያ የቆመውን ምስል ያሳዩ፤ ብዙዎች የተበተኑ ከዋክብት ይመስሏቸዋል። ከዚያ ያስኪዱት። አንድ ሰከንድ ሳይሞላ «ሰው ነው!» ይላሉ። በዚህ ጊዜ በአንጎል ጎን፣ ከጆሮ በላይ ገደማ የሚገኝ አካባቢ በብርቱ ይሠራል፤ እነዚያኑ ነጥቦች ቦታቸውን አዘበራርቀን ብናንቀሳቅሳቸው ግን ሥራው ይቀንሳል።

ቀጥሎ ስልኩን ገልብጠው ያሳዩ፤ ምስሉ በራሱ እንዳይዞር አስቀድመው ይቆልፉት። ነጥቦቹና እንቅስቃሴያቸው ያው ሆኖ ሳለ ሰውየውን መለየት በጣም ይከብዳል። በሌላ ምሽት ደግሞ የአንጓና የቁርጭምጭሚት ቴፖችን ብቻ አንስተው እንደገና ይቅረጹ፤ የክርንና የጉልበት ቴፖችን ብቻ ካነሱበት ፊልም ጋር ጎን ለጎን አድርገው የትኛው ላይ ሰውየው ቶሎ እንደሚጠፋ ይመልከቱ።