የጣሪያ ውኃን ወደ ከርሰ ምድር ማስረግ፦ ለአዳማ ግቢዎች

60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1,800 ሊትር ያህል ውኃ ይወርዳል። ይህን ለመያዝ 1.5 በ1.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ ድንጋይ ሲሞላ ለውኃ የሚተርፈው ክፍተት 40 በመቶ ገደማ ነው። ከቤት መሠረት 5፣ ከሽንት ቤት 30 ሜትር ይራቅ።

ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከዚያ ደቃቅ ጠጠር፣ ከላይ 20 ሳንቲ ሜትር የታጠበ አሸዋ። ደቃቁ ጠጠር ከተዘለለ አሸዋው ወደ ታች ሰርጎ ክፍተቱን ይደፍናል።

ዋናው ጠላት ደለል ነው። የአዳማ አቧራ በጋውን ሙሉ ጣሪያ ላይ ስለሚከማች፣ የመጀመሪያውን ዝናብ ወደ ጉድጓዱ አያስገቡት። ውኃ አሸዋው ላይ ከአንድ ቀን በላይ ካቆረ፣ ቀጭን የጭቃ ቅርፊት ሠርቷል ማለት ነው፤ የላይኛውን 5 ሳንቲ ሜትር ጠርገው በንጹሕ አሸዋ ይተኩ።