እድራችሁን ከጤና ጣቢያው ጋር እንዴት ታጣምራላችሁ?

የእድር ጸሐፊ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ስረከብ የተሰጠኝ አንድ መዝገብ፣ አንድ ማህተምና ቁልፉ የጠፋ ሳጥን ነበር። ዛሬ በዚያው ሳጥን ውስጥ፣ ባለሙያ እድራችን ድረስ መጥቶ የጤና ትምህርት እንዲሰጠን ከጤና ጣቢያው ጋር የተፈራረምንበት ሁለት ገጽ ወረቀት አለ። ሰሞኑን የሌላ ሰፈር እድርተኞች «እንዴት አደረጋችሁት?» ብለው ጠየቁኝ። ለሁሉም አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

«ጤና ጣቢያው ራሱ ማስተማር አይችልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይችላል፤ ግድግዳው ሁሉ ወረቀት ተለጥፎበታል። ታሞ የመጣ ሰው ግን ቆሞ አያነብም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ጊዜ ስልክ ስንደውል፣ በመጥሪያው ፋንታ ስለ እጅ መታጠብ የሚነግረን ድምፅ ትዝ ይላችኋል? ኢትዮ ቴሌኮም አገር ምድሩን አዳረሰው። ያን ድምፅ ግን መልሶ የሚጠይቀው የለም። እድር ላይ አንድ አዛውንት እጃቸውን አውጥተው «የግፊት መድኃኒቴን በጾም እንዴት ልውሰደው?» ይላሉ። አርባ ሰው ያንኑ ሊጠይቅ ፈርቶ ተቀምጦ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ አባላቱን አስወስኑና ቃለ ጉባዔ ያዙ። ከዚያ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፉ፤ ግልባጩን ለጤና ጣቢያው። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱና በአንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ተመለሱ። እኛ ያን ስላላደረግን የመጀመሪያው ደብዳቤያችን የሆነ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወር ተኝቶ፣ በመጨረሻ «አልደረሰንም» ተባልን።

ደብዳቤው ላይ «የጤና ትምህርት ይሰጠን» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ፣ መዋጮ ስንሰበስብ፣ ለ20 ደቂቃ፣ ስለ ደም ግፊት የሚያስረዳ አንድ ባለሙያ ይላክልን።» ቀኑም ርዕሱም ከታወቀ ኃላፊው ሰው መመደብ አይቸግረውም። ርዕሱን ደግሞ ከአባላቱ ውሰዱ። እኛ የብስኩት ካርቶን ቀደን የጥያቄ ሳጥን ሠርተናል። ስም አይጻፍበትም።

የስምምነት ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ አጥፉ። የእኛ ረጅም አይደለም፤ ማን ይመጣል፣ ካልመጣ ለማን ይደወላል፣ የእድሩ ማህተም ምን ላይ ያርፋል፣ አንዱ ወገን ማቆም ቢፈልግ በስንት ቀን ያሳውቃል፣ ይላል። ዋናው አንቀጽ ግን ይህ ነው፦ «በእድሩ ስም የሚነገር ማንኛውም የጤና መልእክት አስቀድሞ በጤና ጣቢያው ባለሙያ መታየት አለበት።»

ይህን አንቀጽ ያስጻፈን አንድ ነጋዴ ነው። አንድ ቀን በጥሩ መኪና መጣና አዲስ ድንኳንና መቶ ወንበር ልስጣችሁ አለ። የእኛ ድንኳን ደግሞ ክረምት ላይ ከሐዘንተኛው እኩል የሚያለቅስ ነው። በምላሹ የፈለገው ግማሽ ሰዓት «ስለ ስኳር በሽታ ለማስተማር» ነው። ጠርሙሶቹን ሳይ ገባኝ፤ ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል የተባለ ሽሮፕ! የእድራችን ዳኛ ድንኳኑን እያሰቡ ልባቸው ተከፍሎ ነበር፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን አንድ አባል የኢንሱሊን መርፌዋን ትታ ያንን ብትጠጣ፣ ድንኳኑን የምንተክለው ለእሷ ነው አልኩ። በዚሁ ተበተነ። እንዲህ የሚያጠራጥር መድኃኒት ወይም ምግብ ሲገጥማችሁ፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482 የሚባል ነጻ መስመር አለው። ደውሉና ጠይቁ።

ባለሙያዋ ከመምጣቷ በፊት የምትናገረውን አንድ ጊዜ አብራችሁ አንብቡት። የእኛ ነርስ ጎበዝ ናት፤ ወረቀቷ ግን «ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን ለመከላከል የጨው አጠቃቀምን መገደብ» ይላል። ይህን ለእናቴ አነበብኩላቸው። «ማንን ነው የሚገድቡት?» አሉኝ። በሚቀጥለው እሁድ ነርሷ የሻይ ማንኪያ ይዛ መጣች። «ለአንድ ትልቅ ሰው፣ ለሙሉ ቀን፣ ከዚህ አይለፍ» አለች። 5 ግራም ያህል መሆኑ ነው። ወዲያው ከኋላ «ሽሮው ውስጥ ያለውስ? በርበሬውስ?» ተባለ። እሱም ተደምሮ ነው ስትል ቤቱ ተንጫጫ። ያን ቀን 20 ደቂቃው አንድ ሰዓት ሆነ።

ግፊት የምታስለኩ ከሆነ መጋረጃ አዘጋጁ። እኛ መጀመሪያ በአደባባይ አስለካን። ለኪው ልጅ ጮክ ብሎ «160 በ100!» ሲል ድንኳኑ ሁሉ ዞረ። ሴትዮዋ ሁለት ወር ከእድር ቀሩ። አሁን ቁጥሩ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ለባለቤቱ ብቻ ይሰጣል። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ በሌላ ቀን ይደገምለታል፤ በአንድ ልኬት ብቻ ታማሚ አይባልም። 180 በ120 የደረሰ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ሰው አብሮት ይሂድ። «ስኳርና ግፊት ያለባቸውን ዝርዝር ስጡን» የሚል ከመጣም እንቢ በሉ፣ በቅን ልብ ቢሆንም። መዝገባችን ለመዋጮ ነው።

ወሬ ሲነሳ ደግሞ ቀጠሮውን እሁድ ድረስ አትጠብቁ። በ2011 ዓ.ም. የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ሰፈሩን ዞረው። እኔም ራሴ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የልጅ ልጄን ይዤ አመነታሁ። አዋላጇን ጠርተን እናቶችን ብቻ ሰብስበን ቡና አፈላን። ማንንም አልተቆጣችም። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ በግንኙነት እንደሚተላለፍ፣ ክትባቱ ልጅቷ ከዚያ በፊት ስትወስደው ይበልጥ እንደሚጠቅም፣ ከመውለድ ጋርም እንደማይገናኝ ነገረችን። ከሦስተኛው ቡና በኋላ «የኔንም ጻፉልኝ» መባል ተጀመረ።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ፦ ለጤና መልእክት ጥሩምባ ነፊውን አትጠቀሙ። እኛ ለልጆች ክትባት ዘመቻ ማለዳ አስነፋን። ሰው ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ «ማን ሞተ?» እያለ ወጣ። አሁን በቴሌግራም እንልካለን። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ጎረቤት እንመድባለን። ከእያንዳንዱ መልእክት ግርጌ ቀኑንና ያየውን ባለሙያ ሙያ እንጽፋለን፤ ጊዜው ያለፈውን እናጠፋለን። መልእክቱ አጭር ነው። ለምሳሌ «ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ጤና ጣቢያ ይታይ። የቲቢ ሕክምና በነጻ ነው።»

የዚህን ወር ሳጥን ትናንት ከፈትኩት። ሰባት ጥያቄ አለ፤ አምስቱ ስለ ጨጓራ ነው። አንዱ ባዶ ወረቀት ነው፤ ሌላው ድንኳኑ መቼ ይጠገናል ይላል። ለነርሷ ልደውልላት።