ለልጁ የመስጂድ ሥራ ስጡት

የልጆች የቁርኣን ሐልቃ (የትምህርት ክበብ) መምራት ከጀመርሁ 11 ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት በምክር ጨረስኋቸው። ስለ አማና (አደራ ስለመጠበቅ) አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምራለሁ፤ ልጆቹ የሰው ጫማ ረጋግጠው ይወጣሉ። አሁን ምክሩን አሳጥሬ ሥራ እሰጣለሁ።

ከጫማ መደርደሪያው ጀምሩ። በሶላት ላይ ሶፍ (የሰጋጆችን ረድፍ) የሚረብሽ የ8 ዓመት ልጅ ነበረን። ከመግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው ሶላት) በፊት የሽማግሌዎችን ጫማ እየተቀበለ እንዲያስቀምጥ አደረግሁ። በሁለተኛው ሳምንት የማን ጫማ የት እንዳለ በቃሉ ያውቅ ነበር። ምርኩዝ የሚይዙ አንድ አባት ሲወጡ ጫማቸውን ወደ በሩ አዙሮ ከእግራቸው ሥር ያኖርላቸዋል፤ ይህን ያስተማረው የለም። ሥራው ግን የእውነት ይሁን፣ ባይሠራ ሰው የሚቸገርበት። ልጅ ለይስሙላ የተሰጠውን ወዲያው ይለየዋል።

የረመዳን መጨረሻ ላይ ዘካተል ፊጥርን (ከዒድ በፊት ለድሆች የሚሰጠውን የእህል ምጽዋት) እነርሱ ይስፈሩ። ለአንድ ሰው አንድ ሷዕ፣ ማለትም በአዋቂ ሰው ሁለት እጅ የተሞላ አራት እፍኝ እህል ነው። እፍኙን እናንተ፣ ቆጠራውን ልጁ፤ መጀመሪያ የራሱን፣ ከዚያ የታናናሾቹን። ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ ስላለበት ከአዋቂ ጋር ያድርሱት። ተቀባዩ የሐልቃው ልጅ ቤተሰብ ከሆነ ግን ለብቻችሁ ሂዱ። ይህን ሳላስብ ጓደኞቹን በሩ ላይ አቁሜ ያሳፈርሁት ልጅ ተመልሶ አልመጣም።

ትንንሾቹን በጾም አታስጨንቁ። የሰሃባ (የነቢዩ ባልደረቦች) እናቶች በዓሹራ ቀን (በሙሐረም ወር ዐሥረኛው ቀን) ልጆቻቸውን ሲያስጾሙ ከሱፍ መጫወቻ ይሠሩላቸው፣ ለምግብ ሲያለቅሱም ያንኑ ይሰጧቸው እንደነበር ከእነርሱ አንዷ የሆነችው ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ ተናግራለች። እኛም ከዐስር (ከሰዓት በኋላ ካለው ሶላት) እስከ መግሪብ ያለውን ሰዓት ለጨዋታ ትተነዋል።

የሚከብደው ልጆቹን ሳይሆን ትልልቆቹን መግራት ነው። አንድ ቁጣ የወራት ድካም ያፈርሳል። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ቢወጣ እስኪጠግብ ድረስ ሱጁዳቸውን (ግንባራቸውን መሬት አስነክተው መስገዳቸውን) እንዳስረዘሙ ኢማሙ አልፎ አልፎ እንዲያስታውሱ ለምኗቸው። እኔ በየወሩ እለምናቸዋለሁ።

ሥራውን በየ3 ወሩ አዙሩ። አዲሱን የሚያለማምደው አስረካቢው ልጅ ነው፤ እኔ ሲሳሳቱ እንኳ ጥግ ይዤ ዝም እላለሁ።