ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ቲማቲሙም አላፈራ አለ፦ የጀማሪ ጓሮ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፀረ ተባይ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። የጀማሪ ጓሮ ችግር አብዛኛው የሚመጣው ከውሃና ከአፈር ነው። ይህን የጻፍኩት አዲስ አበባና መሰል ደጋ ከተሞች ውስጥ በጓሮ፣ በጆንያ ወይም በረንዳ ላይ በባልዲ ለሚተክሉ ነው።

ዘሩ አልበቀለም

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ። ቆስጣ ሁለት ሳምንት፣ ካሮት እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ መሬቱን ይገለብጠዋል። ጊዜው ካለፈ ግን ወይ ዘሩ በጣም ተቀብሯል፣ ወይ ላዩ ደርቋል። የዘሩን ውፍረት ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል አፈር ይበቃል። የሰላጣ ዘር ብርሃን ስለሚወድ አፈሩን ነስነስ ማድረግ ብቻ ነው። በጆግ አትድፉበት፣ ዘሩን አንድ ጥግ ያጥበዋል። የሃይላንድ ክዳን በምስማር ቀዳድታችሁ አጠጡ። የሽንኩርት ዘር ከሆነ ደግሞ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን እዩ፤ ከዓመት በላይ ሲቆይ ጉልበት ያጣል።

ችግኙ በአንድ ሌሊት ወደቀ

ግንዱ አፈሩ ጋ ቀጥኖና በስብሶ ከሆነ ፈንገስ ነው። ውሃ በዝቶበታል፣ ተጨናንቋልም። አሳሱት፣ ጠዋት ብቻ አጠጡት። በመቀስ የተቆረጠ ከመሰለ ግን ቆራጭ ትል ነው። ቀን አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይውላል፤ ከወደቀው ችግኝ ሥር ጫር ጫር ብታደርጉ ታገኙታላችሁ። የቀሩትን ችግኞች ከወረቀት ኩባያ በተቆረጠ ቀለበት ክበቧቸው፤ ቀለበቱ ትንሽ አፈር ውስጥ ይግባ።

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ምክንያቱ ብዙ ነው።

የታችኛው ቅጠል ቀድሞ ከገረጣና አፈሩ ደህና ከሆነ ምግብ አንሶታል። የበሰለ ኮምፖስት ወይም የከረመ ፍግ ጨምሩ። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል።

አፈሩ ረግረግ ብሎ ተክሉ ከጠወለገ ሥሩ አየር አጥቷል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጥቁር አፈር ባለበት ግቢ ይህ የተለመደ ነው። ሰው ግን የጠወለገ ሲያይ ውሃ ይጨምርለታል! መደቡን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፣ ጎኑን ቦይ አውጡለት። ባልዲ ከሆነ ከታች መበሳቱን አረጋግጡ።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ከቀረስ? ቤቱ መቼ ተሠራ? ግንባታ ባለቀበት ግቢ አፈሩ ከሲሚንቶና ከኖራ ፍርስራሽ ጋር ይደባለቃል። ኖራው ተክሉ ብረት እንዳያገኝ ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን መሬት ለማከም ከመድከም በጆንያ ሌላ አፈር አምጥቶ ከኮምፖስት ጋር ቀላቅሎ መትከል ይቀላል።

ቲማቲሙ አበባ ያወጣል፣ ፍሬ የለውም

ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ የቲማቲም አበባ ሳያፈራ ይረግፋል። የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ከዚያ በታች ይወርዳል። ፀሐይ የሚያሞቀው ግድግዳ ሥር ትከሉት፣ ረፋድ ላይ አበባውን ነካ ነካ አድርጉት፣ ዩሪያም አታብዙበት፤ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ፍሬው ከያዘ በኋላ ቂጡ ከጠቆረ ውሃው አንዴ በዝቶ አንዴ ጠፍቶበታል። በዚህ ጊዜ ካልሲየም ፍሬው ጋ አይደርስም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ አይቀርም። በርሜል ሞልታችሁ አስቀምጡ፣ አፈሩን በደረቅ ሣር ጎዝጉዙ። የእንቁላል ቅርፊት ቶሎ አይደርስለትም።

እውነቱን ለመናገር፣ ለመጀመሪያ ጓሮ ቲማቲም አልመክርም። መቂና ዝዋይ የሚያምርበት ሞቃት ስለሆነ ነው። በቆስጣ ጀምሩ። የውጪውን ቅጠል እየቆረጣችሁ መሐሉን ከተዋችሁት ለወራት ትበላላችሁ።

ጎመኑ ላይ ግራጫ ነገር ተለጠፈ

ክሽክሽ ነው፤ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ። አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ፣ አመሻሽ ላይ ከቅጠሉ በታች በኩል ርጩ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ቅጠል ይጠብሳል።

ካሮቱ ሁለት እግር አወጣ

ድንጋይ፣ ትኩስ ፍግ ወይም ማዛወር ነው ምክንያቱ። አፈሩን አለስልሳችሁ ዘሩን እዚያው ዝሩት፤ ካሮት ተነቅሎ መተከል አይወድም።

መደቡ ተገለባብጦ ተገኘ

ችግኙን የጫረችው የጎረቤት ዶሮ ከሆነች አፈሩን አትውቀሱ። እሾህ ቆርጣችሁ ተክሉ እስኪበረታ ድረስ መደቡን ዙሪያውን እጠሩት።